የዘነበችን ገመድ የፈታሁ ዕለት

ራሴን ደግ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አልናገርም። ሰው ሲጣላ መሀል ገብቼ እገላግላለሁ። ግቢው ውስጥ «ጋሽ ወርቁማ ዝንቡን እሽ አይሉም» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በአንድ ቀን ያ ሁሉ ፈረሰ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ጽሑፌ ቢንቀራፈፍ ታገሡኝ። ነገሩም ራሱ ችኮላ አይወድም።

ሥራዬ ባትሪ ነው። ቃሊቲ፣ ከባድ መኪናዎች የሚያድሩበት ግቢ በር ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ቤት አለችኝ። ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ውሃ እሞላለሁ፣ የሞተውን ሞቷል እላለሁ። ከዚህ ጎን ለጎን ጃምፐር እሠራለሁ፤ ባትሪው የደከመ መኪና ከሌላ መኪና ኮረንቲ ተበድሮ የሚነሳበትን ገመድ ማለቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ።

ከውጭ የሚመጣው ገመድ ላዩ ወፍራም ነው። ልጣጩን ስትገፉት ግን ውስጡ የቀጠነ፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ በምላጭ ጫር ስታደርጉት ይነጣል። ለትንሽ መኪና ይሆን እንደሆን እንጂ ተሳቢ የሚጎትት አያስነሳም። እኔ የብየዳ ገመድ ነበር የምጠቀመው። ውስጡ እንደ ፀጉር የደቀቀ ንጹሕ መዳብ፣ ላዩ ጎማ፤ ፀሐይ ቢመታው አይሰነጠቅም። በጋላፊ መንገድ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ «የጋሽ ወርቁ ገመድ» እያለ ይገዛኝ ነበር። ልጆቼን ያሳደግሁት በባትሪው ነው፤ ስሜን ያገኘሁት ግን በገመዱ ነው።

ዘነበች የመጣችው በኋላ ነው። ሃምሳ ዓመት ግድም ይሆናታል። ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ስትሰፋ ኖራ፣ ሠራተኛ ሲቀንሱ የወጣች ሴት ናት። ከግቢው በር ማዶ፣ ከጎሚስታው አጠገብ ሸራ ወጥራ የሾፌሮችን የወንበር ልብስ መስፋት ጀመረች። ወስፌ፣ ሰም የተቀባ ክርና ቁርጥራጭ ቀይ ቆዳ፤ ዕቃዋ ይኸው ነበር። መቀመጫ ስላልነበራት አግዳሚ ያዋስኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ ገመድ መጠገን ጀመረች። የማንን ገመድ? የኔን።

ጃምፐር የሚሞተው አንገቱ ላይ ነው። ገመዱ ባትሪውን ከሚነክሰው መቆንጠጫ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲታጠፍ ሲዘረጋ፣ ሲታጠፍ ሲዘረጋ፣ መዳቡ አንድ በአንድ ይበጠሳል። አንገቱ የላላ ገመድ ይዘውልኝ ሲመጡ «ስለምትጎትተው ነው እኮ» እልና አዲስ እሸጣለሁ። ዘነበች ግን ያንኑ አሮጌ ገመድ ተቀብላ፣ አንገቱን በቀይ ቆዳ ጠቅልላ፣ በድርብ ክር ሰፍታ ትመልሳለች። ከዚያ ወዲያ አይበጠስም። አዲስ የሚገዛኝ ቀነሰ። ቆየት ብላ ደግሞ ራሷ የብየዳ ገመድ እየገዛች ከነመቆንጠጫው መሥራት ያዘች።

ቅናት እንዴት እንደሚገባ ላጫውታችሁ። መጀመሪያ የተለወጠው አንገቴ ነው። መኪና በቆመ ቁጥር ወደ ማዶ ይዞራል፤ ወደ እኔ ነው የመጣው ወይስ ወደ እሷ? ከዚያ ጆሮዬ። ማዶ ሲሳቅ በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ ጋሽ ወርቁ» ትለኛለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ» እላታለሁ፤ ከዚያ ምን ብታገኝ ነው እንዲህ ደስ ብሏት ሰላም የምትለኝ እያልኩ እስከ ምሳ ሳሰላስል እውላለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ አይታት «ይቺ ሴትዮ እኮ ጎበዝ ናት» አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኳት፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አታውቅም። ሌላ ቀን ነፋስ የዘነበችን ሸራ ገነጠለው። ሮጬ ሄጄ አብሬያት አሰርኩ፤ ያየ ሁሉ መረቀኝ። እጄ እያሰረ ልቤ ግን እንደገና እንዲገነጠል ይመኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ።

አርባ መኪና ያለው አንድ የጭነት ማኅበር ለመኪናዎቹ በሙሉ ጃምፐር ሊያሠራ ፈለገ። ወይ ከኔ ወይ ከእሷ ነው። የሚመረጠው ደግሞ በፈተና ነው፤ የግቢው ልማድ እንደዚያ ነው። አዲስ ገመድ አይፈተንም፤ አዲስ ሲሆን ማንኛውም ገመድ ያስነሳል። ቢያንስ አንድ ክረምት መንገድ ላይ የከረመ ገመድ ከሾፌሮች ይመጣል። የሞተ ባትሪ የገባበት መኪና ሲነሳ፣ ገመዱን የሠራው ሰው ራሱ በሞተው መኪና በኩል ያሉትን ሁለት አንገቶች በባዶ እጁ ጨብጦ ይቆማል። መጥፎ ገመድ ይግላል። እጁን የለቀቀ ወደቀ ማለት ነው።

በዚያ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሞላ መጣ። ሞላ የአሥራ አምስት ዓመት ደንበኛዬ ነው፤ ተጫዋች ሾፌር ነው። ሁለት ባትሪ በጋሪ አስገፍቶ አምጥቶ አወረደ።

«ጋሽ ወርቁ፣ እነዚህን ቻርጅ ያድርጉልኝ። ዛሬ አቃስተው ነው የተነሱት።»

«ውሃ ትሞላላቸዋለህ?»

«እኔ ራሴ ውሃ የምጠጣበት ጊዜ የት አግኝቼ።»

ትከሻው ላይ ጃምፐር አንጠልጥሏል። አንገቱ ቀይ ነው።

«ይኸው የዛሬው ተፈታኝ» አለኝ። «የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ግርማ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። የዘነበችን በዚህ ነው የሚያየው። ሁለት ክረምት አልፎታል።»

«የኔስ?»

«የእርስዎን ከሌሎቹ ሾፌሮች ይፈልጋሉ፤ አይጠፋም።»

«አንተ የኔ ደንበኛ አልነበርክም እንዴ?» በቀልድ አስመስዬ ነው ያልኩት።

«አሁንም ነኝ እንጂ። ባትሪው እርስዎ ዘንድ ነው፣ ገመዱ እሷ ዘንድ።» ሳቀ። «ምነው ጋሽ ወርቁ፣ ቀኑባት እንዴ?»

«በዚህ ዕድሜዬ?» አልኩት።

ገመዱን ባትሪዎቹ ላይ ጥሎ ቁርስ ሊበላ ሄደ።

ቻርጀሩን አያያዝኩ። ላለማየት ሞከርኩ። ከዚያ ክብደቱን ለማወቅ ብቻ አነሳሁት። ከዚያ ስፌቱን ለማየት ብቻ ወደ ብርሃን አወጣሁት። እንደ ጥርስ የተደረደረ ስፌት ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። የአፋርን ፀሐይ፣ ናፍጣውን፣ ጭቃውን ሁሉ አይቶ አንድ ክር አልተነሳበትም።

እንዲበላሽ አልፈለግሁም ብላችሁ ታምኑኝ እንደሆነ አላውቅም። ውስጡን አይቼ መልሼ ልዘጋው ነበር ሐሳቤ። ገመዷ የማይግለው ለምን እንደሆነ ካላወቅሁ የማርፍ አልመሰለኝም። ከአራቱ መቆንጠጫዎች አንዱን መረጥኩ፤ ቆዳው ከሌሎቹ ትንሽ ጠቆር ያለውን። ምላጭ አወጣሁና ስፌቱን ፈታሁት።

ቆዳው ሲገለጥ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መዳብ አየሁ። ለማታውቁት ላስረዳ። መቆንጠጫ ሁለት መንጋጋ አለው። እኛ ገመዱን የምናስረው በአንዱ መንጋጋ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ነክሶ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። ዘነበች ግን በዚያ ሹሩባ ሁለቱን መንጋጋዎች አገናኝታቸዋለች። ኮረንቲው በሁለት በር ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መቆንጠጫ በእጄ ይዤ ይህ አልታየኝም። ጫማ ስትሰፋ የኖረች ሴት መጥታ አየችው።

ቁጭ አልኩ። የተሰማኝ ንዴት ብቻ አይደለም። የተሰረቅሁ ነው የመሰለኝ። የኔ መሆን የነበረበትን ሐሳብ ቀድማኝ ወስዳ፣ በቀይ ቆዳ ጠቅልላ የደበቀችብኝ።

እንዴት አድርጋ ነው ያያዘችው ብዬ ሹሩባውን በፒንሳ ይዤ ሳብ አደረግሁት። ቀልጦ ያያያዘው ሊድ ተላቀቀ። ሹሩባው ፒንሳው ላይ ቀረ፤ ከዋናው ገመድም ግማሽ የሚሆነው መዳብ ከገባበት የመቆንጠጫው ጎሬ ወጥቶ ተበተነ።

ያን ጊዜ እንኳ ነገሩ ይስተካከል ነበር። ሊድ የማቀልጥበት ካውያ በከሰል የሚግል ነው፤ ከሰሉ አልቆ ነበር፤ ከሰል ሻጯ ግን ከቤቴ ሃምሳ እርምጃ አትርቅም። ይህን እያሰብኩ ሞላ ከበሩ ወዲያ ከሰው ጋር ሲሳሳቅ ድምፁን ሰማሁ። ወሬ ይዞት እዚያው ቆመ። እኔ ግን ገብቶ እንዳያየኝ ቸኮልኩ። መዳቡን በጣቴ ጠቅጥቄ መለስኩ። ሹሩባውን እንደነገሩ አስደገፍኩት። ቆዳውን ጠቀለልኩ፣ ክሩን በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች አሳለፍኩ፤ አልይዝ ሲለኝ የጎማ ማጣበቂያ ማስቲሽ ቀባሁት። ማስቲሽ ኮረንቲ እንደማያሳልፍ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቆዳው ላይ ብቻ ነው ያረፈው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሲፈስ አይቼዋለሁ፤ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው።

ሞላ ገባ።

«ደረሰልኝ?»

«ባትሪዎቹ እስከ ከሰዓት ይፈልጋሉ። ይህን ገመድ ግን ውሰድልኝ፤ ቦታ ያዘብኝ።»

«እንግዲያው መኪናዬ ባትሪ ስለሌላት ፈተናው በሷ ይሁን» ብሎ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

ሰባት ሰዓት ላይ ዘነበች መንገዱን ተሻግራ ወደ ቤቴ መጣች። እንደዚያ አድርጋ አታውቅም።

«ጋሽ ወርቁ፣ ትንሽ ልቀመጥ?»

«ቁጭ በይ እንጂ።»

«ዝም ብዬ ፈራሁ። እስኪ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ልሂድ፣ እሳቸው ያረጋጉኛል ብዬ ነው።»

ቀጠለች። «ደንብ አስከባሪዎች መንገድ ዳር ያለነውን ሊያነሱን ነው፤ ከዚህ ወር አታልፉም ብለውናል። ይህን ሥራ ካገኘሁ ከግቢው ጀርባ ያለችውን ክፍል እከራያለሁ። ባለቤቷን አናግሬያታለሁ።»

«ካላገኘሽስ?»

«እህቴ ዘንድ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ማን ሊድ ያስቀልጠኛል፤ ጎረቤቱ አቤት ይላል።» ፈገግ አለች። «ለእርስዎ ቢሰጡም አይከፋኝም። ቁጭ ብዬ የሠራሁት በእርስዎ አግዳሚ ነው። ከሌላ ሰው ለእርስዎ ይሁን።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ጋ ልናገር ይገባኝ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ነበረን። ከሰል ገዝቼ፣ ገመዱን ከሞላ ተቀብዬ፣ ሁለታችን አብረን አስተካክለነው ማንም ሳያውቅ ባለፈ ነበር። እኔን ግን ደግነቷ ነው ይብሱን ያቃጠለኝ። ገመዷ ይበልጣል፣ ልቧም ይበልጣል፤ ለእኔ ምን ተረፈኝ ብዬ አሰብኩ።

«እግዚአብሔር ይርዳሽ» አልኳት።

«አሜን፣ ያኑርልኝ» ብላ ተነሳች።

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ግርማ መጣ። ራሱም ሾፌር የነበረ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። የሞላ መኪና ውስጥ የሞተ ባትሪ አስገባን፤ ከጎኗ ሌላ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆመ። ሾፌሮች ከበቡ።

«መጀመሪያ የጋሽ ወርቁን አምጡ» አለ።

አንዱ ከወንበሩ ሥር አሮጌ ገመድ ጎትቶ አመጣ። አንገቱ በቀይ ቆዳ ታስሯል።

«ይህ የእሷ ነው» አለ አቶ ግርማ።

«አይደለም፣ የጋሽ ወርቁ ነው። አንገቱን ብቻ ነው እሷ የሰፋችው።»

«ሌላ አምጡ።»

ሌላ መጣ፤ ቀይ። ሦስተኛ መጣ፤ ቀይ።

«የጋሽ ወርቁ ገመዶች ሁሉም ከረባት አስረዋል» አለ ሞላ፤ ግቢው በሙሉ ሳቀ።

«ያላሰረ የለም?»

«ያላሰረው ተጥሏል» አለ አንዱ ከኋላ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጆሮዬ ግን ጋለ። በሃያ ስድስት ዓመት ከሠራሁት ገመድ ያለ እሷ እጅ መንገድ ላይ የተረፈ አልተገኘም። በዚያች ደቂቃ ገመዷ እንዲበላሽ ፈለግሁ። ጠዋት አልፈለግሁም ነበር ብያችኋለሁ። ያን ጊዜ ግን ፈለግሁ።

ከሦስቱ አንዱን አያያዙና አንገቶቹን ጨበጥኩ። ሞላ ቁልፉን ጠምዝዞ ሞተሪኖውን አዞረ። በሦስተኛው ተነሳ።

«ሙቀቱስ?» አለኝ አቶ ግርማ።

«እንደ ሻይ ብርጭቆ ነው።»

«ደህና ነው። የወይዘሮ ዘነበችን አምጡ።»

ሞላ ገመዱን ዘረጋው። የፈታሁት መቆንጠጫ አንድ ነው። የሚሠራው መኪና ላይ ከዋለ ዘነበች አትነካውም። ወደዚያ ሂድ፣ ወደዚያ ሂድ እያልኩ በልቤ ለመንኩ። ሞላ ሁለቱን ጫፎች አየት አየት አደረገና ጠቆር ያለውን በሞተው ባትሪ ላይ አስነከሰው።

ዘነበች እጆቿን በሽርጧ ጠረገችና ጠቆር ያለውን አንገት በቀኝ እጇ ጨበጠች። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ገመዱን መፍታቴ አይደለም፤ ያን አፌን መዝጋቴ ነው።

ሞላ አዞረ። ጢቅ አለና ዝም። እንደገና አዞረ። ከስፌቱ መሀል ነጭ ጭስ ወጣ። ፊቷ ተጨማደደ፤ ግን አልለቀቀችም። ሦስተኛ ሲያዞር ማስቲሹ ቀልጦ በጣቶቿ መሀል ወረደ።

«ልቀቂ፣ ልቀቂ» አለ አቶ ግርማ።

መዳፏ ቀልቷል። ውሃ አመጡላት። እሷ ግን መጀመሪያ ያደረገችው መቆንጠጫውን በግራ እጇ አንስታ ማሽተት ነው።

«ማስቲሽ ነው» አለች። «እኔ ገመድ ውስጥ ማስቲሽ አላስገባም። ፋብሪካ ሳለሁ ሳሸተው የኖርኩት ይበቃኛል።»

«ሲበላሽ ጊዜ የማንም አይደለም» አለ አንዱ ሾፌር። ሳቁ።

አቶ ግርማ ወደ ሞላ ዞረ። «ገመዱ ከእጅህ ወጥቶ ነበር?»

«ኧረ የትም አልሄደ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ዘንድ ብቻ ነው ያስቀመጥኩት።»

አንድ ሰው እንኳ ዞሮ አላየኝም። አስቡት፤ አንድ ሰው እንኳ። ጭራሽ ዘነበች ራሷ «እሳቸው ዘንድማ ከኔ ቤት ይልቅ ይጠበቃል» አለች።

«እንግዲህ ሥራው የእርስዎ ነው ጋሽ ወርቁ» ብሎ አቶ ግርማ እጁን ዘረጋልኝ። የኔ እጅ በጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ጠዋት የነካኝ ማስቲሽ ደርቆ ሁለት ጣቶቼን አጣብቋቸዋል።

«እጄ ቆሽሿል» አልኩ።

«የሠራተኛ እጅ ነው፣ ምን አለበት» አለኝ። እጁን አልሰበሰበም።

ዘነበች መዳፏን ውሃ ውስጥ እንደነከረች ጎንበስ ብላ ነበር። ክፍሏ ትዝ አለችኝ፤ እህቷ፣ አምስተኛው ፎቅ። እጄን ከኪሴ አወጣሁና ለአቶ ግርማ ሳይሆን ለእሷ ዘረጋሁላት።

«አሽቺው» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ቀና አለች። ከዚያ አፍንጫዋን አስጠጋች። ቀስ ብላ አየችኝ።

«ስፌቱን ፈትቼዋለሁ» አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ። «ሹሩባውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ማስቲሹም የኔ ነው። ገመዷ ደህና ነበር።»

ዘነበች እጇን ከውሃው አወጣች።

«ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«ውስጡን ለማየት።»

«ቢጠይቁኝ አሳይዎት ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ግርማ እጁን መልሶ ሰዓቱን አየ። «እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ መኪና ሳስጭን እቆያለሁ። ገመዱ እስከዚያ ወደ ነበረበት ከተመለሰ አየዋለሁ። ካልተመለሰ ከሌላ ቦታ እገዛለሁ» ብሎ ሄደ።

ቀኝ መዳፏን በንጹሕ ጨርቅ አሰሩላት። ወስፌ መያዝ ቀርቶ ጣቷን ማጠፍ አልቻለችም። ሄዶ ይታይ ብንላት «ሥራዬ ካለቀ በኋላ» አለች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ወስፌውን እርስዎ ይያዙ» አለችኝ።

«እኔ ቆዳ ሰፍቼ አላውቅም።»

«መፍታትማ ያውቃሉ። ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ማስቲሹን በቤንዚን አጠብኩ። ከሰል ገዝቼ ካውያውን አጋልኩ፣ መዳቡን ክር በክር ለይቼ ወደ ጎሬው መለስኩ፣ ሊድ አቀለጥኩበት። ሹሩባውን እንዴት እንደምትጎነጉነው፣ ከየትኛው መንጋጋ እንደምትጀምር፣ መቆንጠጫው ሲከፈት እንዳይወጠር ምን ያህል ላላ እንደምታደርገው አንድ በአንድ ነገረችኝ። ጠዋት ልሰርቀው የሞከርኩትን ሁሉ በሰላሳ ደቂቃ ውስጥ ሰጠችኝ። ስሰማት አንዴ ሐፍረት ይይዘኛል፣ አንዴ ደግሞ ይህ እንዴት ታሰባት ብዬ ያው ቅናት ይነሳብኛል። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ አይሄድም።

ቆዳው ላይ ስደርስ ወስፌው ሦስቴ ጣቴን ወጋኝ።

«ክሩን ይሳቡት፣ አይፍሩት» ትላለች። «አሁን በታች ይምጡ። እዚያ አይደለም። ያ የድሮው ቀዳዳ ነው፣ አዲስ ይብሱ።»

ሞላ ከላያችን ቆሞ ነበር። ፊቱ እንደተቋጠረ «ይህ ስፌት ነው ወይስ የውሻ ንክሻ?» አለ።

«ዝም በል፣ እየተማሩ ነው» አለችው።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጨረስን። ስፌቴ ጠማማ ነበር። አቶ ግርማ ተጠርቶ መጣ። ገመዱን ያያያዘው ሞላ ነው። አንገቶቹን የምጨብጠው እኔ እንደሆንኩ ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ሄጄ ጨበጥኩ። ቢግል አልለቅም ብዬ ነበር የቆረጥኩት።

ሞላ አዞረ። በመጀመሪያው ተነሳ።

«ሙቀቱስ?» አለ አቶ ግርማ።

«የለም» አልኩት። «እጄ ላይ ምንም የለም።»

ወደ ዘነበች ሄዶ ግራ እጇን ጨበጣት። ሥራው የእሷ ሆነ። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ፤ ሰላም አላለኝም፤ ልክ ነው።

የዘነበች እጅ ድኗል፤ መዳፏ ላይ ግን የሚያብለጨልጭ ጠባሳ አለ። ክፍሏን ተከራይታለች። ሞላ ባትሪውን አሁንም ከኔ ጋ ነው የሚያስሞላው፤ ነገር ግን እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሰው ዕቃ ማስቀመጥ የሚባል ነገር ከቤቴ ቀርቷል። ሾፌር አንገቱ የተበጠሰ ገመድ ይዞልኝ ሲመጣ «ስለምትጎትተው ነው» ማለት ትቻለሁ። «አሠራሬ ነው፣ ወደ እሷ ውሰደው» እላለሁ። ይህን ማለት በመጀመሪያው ሰሞን ጥርስ እንደ መንቀል ነበር።

እናንተም ገመድ ስትገዙ ውፍረቱን አትመኑ፤ ጫፉን በምላጭ ጫሩት፣ አንገቱን አጥፋችሁ እዩት፣ መንጋጋውን ከፍታችሁ ሁለቱም መያያዛቸውን ተመልከቱ። ከሠሪው ፊት ሆናችሁ እዩት እንጂ ተደብቃችሁ አትክፈቱት። ስለ ቅናቱ ደግሞ የማውቀው ጥቂት ነው። የክፉ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰላምታ እየሰጠ፣ ሸራ እያሰረ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ እያለ መኖር ይችላል። ደግ ነህ ሲሏችሁ ከምትሞቁ፣ ያን ዕለት በማን እንደቀናችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ማኅበሩ ገመዶቹን የተረከበ ቀን መኪናዎቹ ተሰልፈው ከግቢው ሲወጡ በሬ ላይ ቆሜ አየሁ። ሾፌሮቹ አዲሱን ገመድ እያሳዩኝ ያልፋሉ። እኔ ደግሞ ቀይ አንገቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ቤቴን ቆለፍኩና ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ቁጭ ብላ ሹሩባ ትጎነጉን ነበር።

«ዘነበች፣ ዛሬም ቀናሁብሽ» አልኳት።

ከሥራዋ ቀና አላለችም። «በቀኑ ቁጥር እየመጡ ይንገሩኝ» አለችኝ። «ገመዱን ብቻ አይፍቱብኝ።»

እስከ ዛሬ እየሄድኩ እነግራታለሁ። ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ግን አትጠይቁኝ።